ኒል ፍራንክሊን

በሸክላ ሥራዋ በታወቀችው በእንግሊዟ ስቶክ ኦን ትሬንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1922 ኮርኔሊየስ ፍራንክሊን ተወለደ። ዓለም ያወቀው ግን ኒል በሚለው አጭር ስሙ ነው። (በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የከተማው ክለብ ስቶክ ሲቲ በልጅነቱ አስጠግቶ አሠለጠነው፤ በ17 ዓመቱም ደመወዝተኛ ተጫዋች አደረገው። ዳሩ ግን በዚያው በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ መደበኛው ውድድር ተቋረጠ። ፍራንክሊንም በአየር ኃይል እያገለገለ የተገኘውን ጨዋታ ሁሉ ይጫወት ነበር።

በዚያ ዘመን ከመሐል ተከላካይ የሚጠበቀው ኳስን ከበሩ አርቆ መጠለዝ ብቻ ነበር። ፍራንክሊን ግን በተቃራኒዎቹ አጥቂዎች ፊት ኳሷን አብርዶ፣ ቀና ብሎ ተመልክቶ፣ ለወገኑ ያቀብላል። አደገኛ ቢመስልም የሚሳሳተው ከስንት አንዴ ነበር። ከመስከረም 1946 እስከ ሚያዝያ 1950 ድረስ አንድም ሳያጓድል ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 27 ግጥሚያዎችን በተከታታይ ተጫወተ፤ በ1948 ኢጣልያ በገዛ ሜዳዋ በቱሪን 4 ለ 0 ስትሸነፍ ከተሰለፉት አንዱ እርሱ ነበር። ክለቡም በ1947 በመጨረሻው ጨዋታ ሼፊልድ ዩናይትድን ቢያሸንፍ ኖሮ የአገሩ ሻምፒዮን በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ተሸንፎ አራተኛ ወጣ።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ገንዘብ ከፍሎ ሜዳውን ሲሞላ፣ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ12 ፓውንድ እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኖ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ክለቡ ካልፈቀደለት ወደ ሌላ ሊዛወር አይችልም ነበር። የአገሩ ምርጥ ተከላካይ የሆነ ሰው ይህ ቢከብደው አያስደንቅም።

በ1950 ከኮሎምቢያ ጥሪ መጣለት። የኮሎምቢያ ሊግ ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተነጥሎ ስለ ነበር የዝውውር ዋጋ ሳይከፍል ከየአገሩ ተጫዋቾችን ይሰበስባል፤ የሚሰጠውም ደመወዝ ከእንግሊዙ ብዙ እጥፍ ነበር። ፍራንክሊን ሚስቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን አስታውቆ ከዓለም ዋንጫው ቡድን እንዲተዉት ጠየቀ፤ በግንቦት ወር ከክለብ ጓደኛው ከጆርጅ ማውንትፎርድ ጋር ወደ ቦጎታ ሄዶ ሳንታ ፌ ለተባለው ክለብ ተሰለፈ።

ነገሩ እንዳሰበው አልሆነም። ከተማዋ በፖለቲካ ሁከት ታውካ የሰዓት እላፊ ታውጆባት ነበር፤ የገንዘቡም ተስፋ እንደ ተነገረው አልተፈጸመም። ፍራንክሊን ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ተመለሰ። በመካከሉ፣ ሰኔ 29 ቀን 1950፣ እንግሊዝ በብራዚል በዓለም ዋንጫ በአሜሪካ 1 ለ 0 ተሸንፋ ዓለምን አስደነቀች። እርሱ ቢኖር ኖሮ ባልተሸነፉ ነበር ማለት ግምት ነው፤ ይሁን እንጂ ቢሊ ራይት በ1954 ቦታውን እስኪይዝ ድረስ የእንግሊዝ መራጮች አንዱን መሐል ተከላካይ በሌላው ሲተኩ ኖሩ።

አገሩ ሲደርስ የጠበቀው ቅጣት ነበር። ለወራት ከጨዋታ ታገደ፤ ስቶክም መልሶ አልፈለገውም። በየካቲት 1951 በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወተው ሃል ሲቲ በ22,500 ፓውንድ ገዛው፤ ይህም ለተከላካይ ያን ጊዜ እጅግ ከፍተኛ ዋጋ ነበር። ችሎታው ቢኖርም ጉልበቱ ደጋግሞ እየተጎዳ አስቸገረው፤ ለብሔራዊ ቡድንም ዳግመኛ አልተጠራም። በ1956 ወደ ክሩ አሌክሳንድራ፣ በ1957 ወደ ስቶክፖርት ካውንቲ ወረደ፤ ሁለቱም በሦስተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወቱ ነበሩ። ለእንግሊዝ 27 ጊዜ የተሰለፈው ሰው በመጨረሻ ከሊጉ ውጭ በሆኑ ትንንሽ ክለቦች ተጫወተ።

የደመወዙ ወሰን የተሻረው በ1961 ነው፤ ለፍራንክሊን ግን ጊዜው አልፎ ነበር። እርሱ በቆጵሮስ ለጥቂት ጊዜ ካሠለጠነ በኋላ ከ1963 እስከ 1968 ኮልቸስተር ዩናይትድን መራ። ቡድኑ በእርሱ ዘመን ሁለት ጊዜ ወረደ፤ አንድ ጊዜም ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ እግር ኳስን ትቶ በሰሜን እንግሊዝ መጠጥ ቤት ያስተዳድር ነበር። በየካቲት 1996 በ74 ዓመቱ ሞተ።