የባሕሩ ተማሪ

ዣክ ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1910 በፈረንሳይ አገር ተወለደ። በባሕር ኃይል አውሮፕላን አብራሪነት ሲሠለጥን በመኪና አደጋ እጆቹ ተሰበሩና ነገሩ ቀረ። ክንዱን ለማበርታት ዋና ጀመረ፤ በዚያው የባሕር ሰው ሆነ። በ1943 ከመሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ጋር፣ ለጠላቂ በእስትንፋሱ ልክ አየር የሚመጥን መሣሪያ ሠራ።

በ1956 በወጣው ዝነኛ ፊልሙ ግን ዓሣ ለመቁጠር ሲባል የኮራል ዓለት በድማሚት ሲፈነዳ ይታያል። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። በ1963 በቀይ ባሕር፣ ከሱዳን ጠረፍ ማዶ ሻዓብ ሩሚ በተባለው ስፍራ፣ ባልደረቦቹ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በተሠራ ቤት 30 ቀን የኮራሉ ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ኩስቶም እያደር ለባሕር ጠበቃ ሆነ፤ በ1997 እስኪሞት ድረስ ተሟገተ።

ነገ ተማሪዎቻችንን ለሳይንስ ትምህርት ወደ ሜዳ ስናወጣ ይህን እናስታውስ፤ ለማወቅ ሲባል የሚታወቀውን ማጥፋት ትምህርት አይደለም።