የአዳ ላቭሌስ ሕይወትና ለሁሉ የተከፈተ ሒሳብ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የአንዲት እንግሊዛዊት የሒሳብ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ላቀርብላችሁ አስቤአለሁ። ስምዋ አዳ ላቭሌስ ይባላል። ስለ እርስዋ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት አለኝ። ዛሬ በዳሪሙም ሆነ በመቱ ኮምፒዩተር ያገኘ ተማሪ ያለ አንዳች ክፍያ የሚወስዳቸው የሒሳብ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከነአሠራራቸውም ለሁሉ የተገለጡ ናቸው። የሥራን መንገድ ሳይደብቁ ለሌላው ማሳየት ምን ያህል እንደሚጠቅም፥ ከዚህች ሴት ሕይወት የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁለትም። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አዳ በ1815 ዓ.ም. ታኅሣሥ 10 ቀን በሎንዶን ከተማ ተወለደች። አባትዋ ሎርድ ባይሮን የታወቀ ባለቅኔ ነበረ። ነገር ግን ገና የአራስ ልጅ ሳለች አባትና እናትዋ ተለያዩ፤ አባትዋም ከአገር ወጥቶ በ1824 በግሪክ አገር ሞተ። ልጁን ዳግመኛ አላያትም። እናትዋ ሒሳብ የምትወድ ሴት ስለ ነበረች፥ ልጅትዋ የአባትዋን ጠባይ እንዳትከተል በማሰብ ከሕፃንነትዋ ጀምሮ አስተማሪዎች ቀጥራ ሒሳብ አስተማረቻት።

በ1829 አዳ በኩፍኝ ታመመች። እግርዋ ስለ ሰለለ ብዙ ጊዜ በአልጋ ላይ ቆየች፤ ከዚያም በምርኩዝ መሄድ ጀመረች። ትምህርትዋን ግን አልተወችም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ለሴት ልጅ የዩኒቨርሲቲ በር የተዘጋ ነበር። ስለዚህ ከ1840 ጀምሮ አውግስጦስ ደ ሞርጋን ከተባለው የሎንዶን መምህር ጋራ ደብዳቤ እየተጻጻፈች ከፍተኛ ሒሳብ ተማረች። ያልገባትን ነገር ሳታፍር ትጠይቀው ነበር። መምህርዋም ችሎታዋን እያደነቀ፥ እንዲህ ያለው ጥናት ለሴት አካል ይከብዳል ብሎ ለእናትዋ ጽፎአል። ሊቅ ቢሆንም በዚህ ነገር መሳሳቱን ዘመን አሳይቶአል።

በ1833፥ አዳ የ17 ዓመት ልጅ ሳለች፥ ቻርልስ ባቤጅ ከተባለ የሒሳብ ሊቅ ጋራ ተዋወቀች። ባቤጅ በጥርስና በመዘውር የሚሠራ የሒሳብ መኪና ይነድፍ ነበር። በኋላም ከዚያ የሚበልጥ፥ በቀዳዳ ካርድ የሚታዘዝ ሌላ መኪና አሰበ። የካርዱን ሐሳብ የወሰደው በፈረንሳይ አገር ከሚሠራበት የሐር መሸመኛ ነው። ሸማኔው ጥለቱን በካርድ ቀዳዳ እንደሚያዝ፥ ይህም መኪና መደመሩንና ማካፈሉን በካርድ ይታዘዝ ነበር። ይህ መኪና ተሠርቶ አላለቀም፤ ባቤጅም ይህን ሳያይ በ1871 ሞተ።

አዳ በ1835 ባል አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች። በ1842 አንድ የኢጣልያ መሐንዲስ ስለ ባቤጅ መኪና በፈረንሳይኛ ጽሑፍ አሳተመ። አዳም ይህን ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመችው፤ ከራስዋም ማስታወሻ ጨመረችበት። በ1843 ሲታተም ማስታወሻዋ የጽሑፉን ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። በመጨረሻውም ማስታወሻ፥ መኪናው የቤርኑሊ ቁጥሮች የሚባሉትን እንዴት አድርጎ እንደሚያሰላ፥ እርምጃውን በተራ በተራ በሠንጠረዥ አስቀመጠች። እነዚህ ቁጥሮች የተከታታይ ቁጥሮችን ካሬ፥ ኪዩብና ከዚያም በላይ ያለውን ድምር በአጭሩ ለማግኘት ይረዳሉ። ይህን ሠንጠረዥ ብዙዎች በዓለም የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሉታል።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው ፍጹም እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የ2018 ዓመተ ምሕረትን አበቅቴ ሲያወጣ፥ 5500 ዓመተ ዓለም ይጨምርና 7518 ያገኛል፤ በ19 ሲያካፍለው 13 ይተርፋል፤ አንዱን ሲቀንስ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12ን በ11 አባዝቶ ከ132 ላይ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። ደግሞ ወንበሩን በ19 አባዝቶ ከ228 ላይ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ የተሳሳተ እርምጃ እንዳለ ያውቃል። መንገዱ የተገለጠ ስለ ሆነ፥ ተማሪው መምህሩን በማመን ብቻ ሳይቀር ራሱ ይመረምራል።

የአዳም ሥራ እንዲሁ የተመረመረ ነው። ባቤጅ ራሱ እንደ ተረከው፥ የቤርኑሊን ቁጥሮች የአልጀብራ ስሌት ሠርቶ የላከላት እርሱ ሲሆን፥ በውስጡ ከባድ ስሕተት አግኝታ የመለሰችለት እርስዋ ናት። በታተመው ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ በአራተኛው መሥመር ተካፋዩና አካፋዩ ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ። ስሕተቱ የእርስዋ ይሁን ወይም የአታሚው፥ መንገዱ በሙሉ ታትሞ ስለ ነበረ በኋላ የመጡት አንባብያን አግኝተው አረሙት። ውጤቱን ብቻ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ማን ሊያርመው ይችል ነበር?

የአዳ የመጨረሻ ዘመን መልካም አልነበረም። በፈረስ እሽቅድድም ውርርድ ብዙ ገንዘብ ጠፋባት፤ ከዚያም በማሕፀን ካንሰር ታመመች። በ1852 ኅዳር 27 ቀን በ36 ዓመትዋ ዐረፈች፤ በኑዛዜዋም መሠረት በማታውቀው አባትዋ አጠገብ ተቀበረች። ማስታወሻዋም ብዙ ዘመን ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1953 እንደገና ታተመ። በ1980ም የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት አንድ የኮምፒዩተር ቋንቋ በስምዋ አዳ ብሎ አጸደቀ።

አሁን ወደ ዘመናችን ልመለስ። ማክሲማ የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም አለ። መሠረቱ በ1960ዎቹ በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. የተጣለ ነው። ዊልያም ሸልተር የተባለ መምህር ለብዙ ዓመታት ሲጠብቀው ኖሮ፥ በ1998 ለሁሉ ያለ ዋጋ ከነምንጩ እንዲታደል ፈቃድ አገኘለት። ሸልተር በ2001 ቢሞትም ፕሮግራሙ አብሮት አልሞተም፤ አሠራሩ የተከፈተ ስለ ሆነ ሌሎች በፈቃዳቸው ቀጠሉበት። አዳ በሠንጠረዥዋ የፈለገችውን ቁጥር ዛሬ ማክሲማን ብንጠይቀው፥ በአንድ ቅጽበት ከዜሮ በታች አንድ ሠላሳኛ ብሎ ይመልሳል። እንዴት እንዳገኘው ለማየት የሚሻም ምንጩን ገልጦ ያነባል። ጂኦጀብራም እንዲሁ ለተማሪ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፥ የመሥመርና የክበብ ሥዕል እየሳለ ያስተምራል። አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ፥ መሥመር በሚቋረጥበት በእኛ አካባቢ ትልቅ ጥቅም አላቸው።

በእኔ አስተያየት ማር የሰጠን ጎረቤት ደግ ነው፤ ቀፎውን እንዴት እንደሚሠሩትና በዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቅሉት ያስተማረን ግን ከእርሱ ይበልጣል። የኢሉባቦር ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ መልሱን ከመኪናው ተቀብለን ብቻ አንሂድ፤ መጀመሪያ በእጃችን እንሥራው፥ ከዚያም ከመኪናው ጋራ እናስተያየው፥ ቢለያዩም ምክንያቱን እስክናገኝ እንፈልግ። አስተማሪዎቻችን ሆይ፥ እነዚህን ፕሮግራሞች በፍላሽ ይዛችሁ ብታካፍሉን ከመጻሕፍት ስጦታ የማያንስ ውለታ ይሆንልናል። ወላጆቻችንም፥ ሴት ልጅ ከሒሳብ ምን አላት የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፥ በምርኩዝ እየሄደች በደብዳቤ የተማረችውን ሴት ታሪክ ንገሩልን።