ማክስ ፍላይሸር፤ ሥዕልን ያናገረ ሰው

በሲኒማ የተሣለ ውሻ አፉን ከፍቶ ሲናገር ስናይ እንስቃለን እንጂ፣ ያ አፍ ከድምፁ ጋራ እንዲስማማ ምን ያህል ድካም እንደ ወጣበት አናስብም። ይህን ሥራ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ማክስ ፍላይሸር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ማክስ በ1883 ዓ.ም. በክራኮው ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። ከተማይቱ ዛሬ በፖላንድ ናት፤ ያን ጊዜ ግን በአውስትሪያ መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ማክስ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ዮርክ ተቀመጠ። ልጁ ሥዕልንም መሣሪያንም ይወድ ስለ ነበር፣ በብሩክሊን ጋዜጣ ቤት ከተላላኪነት ተነሥቶ ሠዓሊ ለመሆን በቃ።

በዚያ ዘመን የካርቱን ሥዕል ሲንቀሳቀስ ይንገጫገጭ ነበር። ማክስ ይህን ለማረም ሮቶስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፈ። አሠራሩም፣ የሰው ፊልም ከኋላ በመስተዋት ላይ ይበራል፤ ሠዓሊውም እያንዳንዱን ምስል በወረቀት ላይ ተከትሎ ይሥላል። ወንድሙ ዴቭ የቀልደኛ ልብስ ለብሶ ተጫወተለት፤ ከዚህም ኮኮ የተባለው ቀልደኛ ተገኘ። የፈጠራው መብት በ1917 ተሰጠው።

ሥዕሉ እንደ ሰው ተራመደ፤ ነገር ግን ዲዳ ነበር። ሊ ዲ ፎረስት የተባለው ሊቅ ድምፅን በፊልም ላይ መቅረጽ በጀመረ ጊዜ፣ ማክስ ከ1924 ጀምሮ ከእርሱ ጋራ የዘፈን ካርቱኖችን ሠራ። የዘፈኑ ቃል በመጋረጃው ላይ ሲወጣ፣ አንዲት ኳስ ከቃል ወደ ቃል እየዘለለች ሕዝቡን ትመራ ነበር። በ1926 በወጣው «ማይ ኦልድ ኬንታኪ ሆም» በተባለው ፊልም አንድ ውሻ ሕዝቡን አብሮ እንዲዘፍን ጋበዘ፤ አፉም ከቃሉ ጋራ ተንቀሳቀሰ።

የሥራውን ችግር ለመረዳት በመስተዋት ፊት «ቡና» ማለት ይበቃል። መጀመሪያ ከንፈር ይገጥማል፤ ቀጥሎ ይሞጠሙጣል፤ በመጨረሻም አፍ ይከፈታል። ዛሬ በተለመደው አሠራር ድምፅ ያለው ፊልም በአንድ ሰኮንድ 24 ምስሎች ያሳያል። ስለዚህ ሠዓሊው እያንዳንዱ ድምፅ በየትኛው ምስል ላይ እንደሚውል ቈጥሮ፣ ለርሱ የሚስማማውን አፍ ይሥላል። ከንፈር ሳይገጥም «ብ» ቢሰማ ተመልካች ወዲያው ይነቃበታል። በትክክል ሲሠራ ግን ድካሙን ማንም ልብ አይለውም።

የዲ ፎረስት ድርጅት ከሰረና ሥራው ተቋረጠ። በኅዳር 1928 ዋልት ዲስኒ «ስቲምቦት ዊሊ»ን ባሳየ ጊዜ ዓለም ምስጋናውን ለእርሱ ሰጠ። ማክስ ግን ብዕሩን አልጣለም። ቤቲ ቡፕን በ1930፣ ፖፓይን በ1933 በሲኒማ አወጣ። በፖፓይ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ሥዕሉ አስቀድሞ ተሠርቶ ድምፁ በኋላ ይገባ ስለ ነበር፣ ተናጋሪው አፍ ሳይከፈት ቀልድ ያጕረመርም ነበር። ሕዝቡም ይህንኑ ጉድለት ወደደው።

በኋላ ማክስ ከወንድሙ ጋራ ተጣላ፤ ያቋቋመውንም ድርጅት ፓራማውንት ወሰደበት። በ1972 በካሊፎርኒያ በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

መሠረት የጣለ ሁሉ ጣራ አያለብስም። ትምህርት ቤታችን በዓሉን ሲያከብር፣ ስማቸው በግድግዳ ላይ ያልተጻፈውን የቀድሞ መምህራንና ሠራተኞች እናስብ። እኛም ከዚህ ስንወጣ፣ ሥራችን ባይታይም እንኳ በትክክል እንሥራው።