ዴኒስ ሪቺ እና የራሱ ሲስተም ቀዳዳ

የዴኒስ ሪቺን ስም ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አለ ብዬ አልገምትም። ሲ ስንማር ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ እናገኘዋለን። እኔ ግን ብዕር ያነሳሁት ስለ ሲ ለማውራት አይደለም። ሰውየው ራሱ በፈጠረው ነገር የመጣውን ቀዳዳ ሳይደብቅ ጽፎ ማስቀመጡ ስለገረመኝ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሪቺ በ1941 በኒውዮርክ ግዛት ብሮንክስቪል ተወለደ። አባቱም የቤል ላብራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ሃርቫርድ ገብቶ ፊዚክስና አፕላይድ ማቲማቲክስ ተማረ። የዶክትሬት ጽሑፉን ከጨረሰ በኋላ የተጠረዘውን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ስላላስገባ ዲግሪውን ሳይቀበል ቀረ። (መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያላችሁ ልብ በሉ!) በ1967 እሱም ቤል ላብራቶሪ ገባ።

ቤል በ1969 ከመልቲክስ ፕሮጀክት ሲወጣ ኬን ቶምፕሰን፣ ሪቺና ሩድ ካናዴይ አዲስ የፋይል ሲስተም በሰሌዳ ላይ ነደፉ። ቶምፕሰን ይህንኑ ፒዲፒ-7 በምትባል ትንሽ ማሽን ላይ ሠራው። ዩኒክስ የተጀመረው በዚህ ነው። በ1973 ከርነሉ በሲ እንደገና ተጻፈ።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። የፓስዎርድ ፋይል ላይ መጻፍ የሚችለው ሱፐር ዩዘሩ ብቻ ነው። ታዲያ ተራው ተጠቃሚ የራሱን ፓስዎርድ በምን ይቀይራል? ሪቺ መልሱን በአንዲት ቢት አገኘው። ይህች ቢት የፕሮግራሙ ፋይል ላይ ከበራች፣ ፕሮግራሙ የሚሮጠው በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን ነው፤ ማንም ያስነሳው ማን። ሴትዩአይዲ የምንለው ይሄ ነው። በ1973 ፓተንት ተጠየቀበት፣ በ1979 ተፈቀደ። ላብ ገብታችሁ ሊኑክስ ላይ የፓስዎርድ መቀየሪያውን ፕሮግራም ፈቃዶች ብታዩ ኤስ የምትል ፊደል ታገኛላችሁ፤ እሷ ናት።

ግን ሥልጣን የተሰጠው ፕሮግራም ሞኝ ከሆነስ? በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ማኑዋል (1979) ውስጥ ስለ ዩኒክስ ደኅንነት የጻፈው አጭር ጽሑፍ አለ። ሲስተሙ ሲጀመር ደኅንነት ታስቦበት እንዳልተሠራ እዚያው ያምናል። ከዚያ የድሮውን የደብዳቤ መላኪያ ፕሮግራም ጉድ ያወጣል። ፕሮግራሙ የሱፐር ዩዘሩ ሆኖ ቢቷ በርታለት ነበር፤ የሰው ዳይሬክተሪ ቢዘጋም ደብዳቤ እንዲያስገባ ተብሎ።

በዩኒክስ የፋይል ሲስተም ስም ሌላ፣ ፋይሉ ሌላ ነው። አንድ ፋይል በሊንክ ሁለት ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። ተንኮለኛው ማንም ሊጽፍበት በሚችል ዳይሬክተሪ ውስጥ የደብዳቤ ሣጥን የሚመስል ስም ይፈጥራል፤ ስሙ ግን የሚያመለክተው የፓስዎርድ ፋይሉን ነው። (ሁለቱ አንድ ዲስክ ላይ መሆን አለባቸው።) ቀጥሎ ለራሱ የሱፐር ዩዘር መግቢያ የሚሆን አንድ መስመር ጽፎ ወደዚያ ሣጥን ደብዳቤ አድርጎ ይልካል። ፕሮግራሙም በሙሉ ሥልጣኑ መስመሩን የፓስዎርድ ፋይሉ ላይ ይለጥፍለታል። አለቀ! በራሱ ገብቶ ማሽኑን ተረከበ፣ ዱካውንም አጠፋ።

ልብ በሉ፣ ቢቷ እንደታሰበችው ሠርታለች፣ ሊንኩም እንደታሰበው ሠርቷል። ጉዳቱ የመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ቢቷን የፈለሰፈው ሰው ይህንን ደረጃ በደረጃ፣ ያውም ደንበኛ በሚያነበው ማኑዋል ውስጥ አስፍሮታል። በኔ እይታ ይሄ ከፓተንቱ ይበልጣል።

ሪቺ በ1983 ከቶምፕሰን ጋር የቱሪንግን ሽልማት ወሰደ፣ በ2007 ጡረታ ወጣ፣ በኦክቶበር 2011 አረፈ። ስቲቭ ጆብስ በዚያው ሰሞን ስለሞተ የሱ ሞት ብዙም አልተወራም። የሊንኩ ጣጣ ግን ከሱ በኋላም ቀጥሏል። የሌላ ሰው በሆነና ልንጽፍበት በማንችለው ፋይል ላይ ሊንክ እንዳንፈጥር የሚከለክል ጥበቃ ዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው በ2012፣ ሥሪት 3.6 ላይ ነው።