ኖኅ ዌብስተርና የቃላት ምንጭ

በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስሙ የገነነው ኖኅ ዌብስተር በ1758 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በኮነቲከት፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1778 በዬል ኮሌጅ ትምህርቱን ፈጽሞ መምህር ሆነ፤ በ1783 ያሳተመው የፊደል መማሪያም የብዙ ትውልድ ሕፃናትን አስተማረ።

ከዚህ በኋላ ታላቁን መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ተነሥቶ 20 ያህል ቋንቋዎችን አጠና። የባቢሎንን ግንብ ታሪክ መነሻ አድርጎ የሰው ልጅ የመጀመሪያ ቋንቋ ከለዳዊ እንደ ነበረ ስላመነ፣ የእንግሊዝኛን ቃላት ከዕብራይስጥና ከዘመዶቹ ሥር ለማውጣት ለዓመታት ደከመ። በዚያው ዘመን በጀርመን ቦፕ በ1816፣ ግሪምም በ1822 ቋንቋዎች የሚዛመዱት በሥርዓተ ድምፅና በሰዋስው መሆኑን አስረድተው ነበር፤ እርሱ ግን አልተከተላቸውም። 70,000 ቃላት የያዘው ሥራው በ1828 ታተመ።

ዌብስተር በ1843 ዐረፈ። በ1864 እትም ማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የቃላቱን ምንጭ እንደ አዲስ አዘጋጀው፤ የዌብስተር ድካም ከዚህ ላይ ተሻረ። የቃላት ፍቺው ግን እስከ ዛሬ ይመሰገናል።

አሜን፣ ሃሌ ሉያና ኢዮቤልዩ ከዕብራይስጥ ወደ አውሮፓ መድረሳቸው እርግጥ ነው፤ በመጻሕፍት ትርጓሜ የመጡበት መንገድ ይታወቃልና። ግእዝም የዕብራይስጥ ዘመድ መሆኑ በሰዋስው ተመስክሯል። መንገዱ ያልታወቀ የድምፅ መመሳሰል ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ቅን እምነትም ምርመራን አይተካም።