የመድፈኛው መኰንን ኒሻን

በዚህ እትም ታሪኩን ለጓደኞቻችን የምናቀርበው መኰንን ማዕረጉ በአደባባይ የተገፈፈ፥ ኋላም ከዚያው ሠራዊት እጅ ኒሻን የተቀበለ ሰው ነው፤ እርሱም ፈረንሳዊው አልፍሬድ ድሬፉስ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ድሬፉስ በ1859 በአልዛስ፥ በሙሉዝ ከተማ፥ ከአይሁዳዊ ባለፋብሪካ ተወለደ። ጀርመን በ1871 አልዛስን ስትወስድ ቤተሰቡ ፈረንሳዊነቱን መረጠ። ልጁም በኤኮል ፖሊቴክኒክ ተምሮ መድፈኛ ክፍል ገባ፤ ሻምበል ሆኖም በኤታማዦር መሥሪያ ቤት ተመደበ።

በ1894 ለጀርመን ኤምባሲ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተገኘ። ስለ ባለ 120 ሚሊሜትር መድፍ ምስጢር የሚያነሣ ስለ ነበር ጸሐፊው የመድፍ ሰው መሆን አለበት ተባለ። ድሬፉስ የመድፍ ሰው ነበረ፤ በዚያም ላይ አይሁዳዊ። የጦር ፍርድ ቤቱ በዝግ ችሎት ተቀምጦ የዕድሜ ልክ ግዞት ፈረደበት። ለዳኞቹ የተሰጠውን የምስጢር ሰነድ ተከሳሹም ጠበቃውም አላዩትም፤ ሕግ የምታጠኑ ጓደኞቻችን ይህን ልብ በሉ።

ጥር 5 ቀን 1895 በፓሪስ የጦር ትምህርት ቤት ግቢ ሠራዊት ተሰልፎ ሲመለከት አንድ የበታች ሹም የማዕረግ ምልክቶቹንና አዝራሮቹን በጣጠሰ፤ ሰይፉንም ሰበረው። ድሬፉስ ንጹሕ መሆኑን እየጮኸ ቢናገርም ከአጥሩ ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ሞቱን ይለምን ነበር። ከዚያ በዲያብሎስ ደሴት ከአራት ዓመት በላይ ታሰረ። በ1896 አመለጠ የሚል የሐሰት ወሬ ስለ ተነዛ ብቻ ሌሊት ሌሊት እግሩን ከአልጋው ጋር በብረት ያስሩት ነበር።

በዚሁ በእኛ የዓድዋ ድል ዓመት ፒካር የተባለ መኰንን የወረቀቱ ጽሕፈት የኤስተርሃዚ መሆኑን ደረሰበት። ኤስተርሃዚ ደግሞ እግረኛ እንጂ መድፈኛ አልነበረም! የሆነ ሆኖ እውነቱ እስኪወጣ ብዙ ክርክር አለፈ፤ በ1899 እንደ ገና ተፈርዶበት በምሕረት ወጣ፥ ሐምሌ 12 ቀን 1906 ከሁሉ በላይ የሆነው ፍርድ ቤት ንጹሕ አለው። በዚያው ወር፥ በዚያው ትምህርት ቤት ሌላ ግቢ፥ የሌጂዮን ዶኖር ኒሻን ደረቱ ላይ ተደረገለት። (ኒሻኑን በ1802 ያቋቋመው ናፖሌዎንም የመድፍ መኰንን ነበረ።)

ኒሻኑን ሰጡት፤ የታሰረባቸውን ዓመታት ግን ለማዕረጉ አልቈጠሩለትም። ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረው ሻለቃ በ1907 ሠራዊቱን ለቀቀ። በ1908 አንድ ጋዜጠኛ ተኵሶ ክንዱን አቈሰለው፤ ፍርድ ቤትም ተኳሹን በነፃ ለቀቀው።

ታዲያ በ1914 ጦርነት ሲነሣ ይህ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበት ነበር? ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል። እርሱ ግን ወደ ሠራዊቱ ተመለሰ። መጀመሪያ ፓሪስን በሚጠብቀው ጦር፥ በ1917 ደግሞ በሽመን ዴ ዳምና በቬርደን ግንባር በመድፈኛ ክፍል አገለገለ። ምሽግ ሰብሮ የገባ ጀግና ነው ብንል እንዋሻለን፤ ሥራው ለመድፎቹ የሚያስፈልገውን ማቅረብ ነበረ። ይህም ቢሆን የጠላት መድፍ በሚደርስበት ቦታ የሚሠራ ነው። ልጁ ፒየርም በመድፈኛነት ቬርደን ላይ ተዋግቶ ክሩዋ ደ ጌር የተባለውን የጦር ሜዳ ኒሻን አገኘ። አባትየው በ1918 ሌተና ኮሎኔል ሆነ፤ የሌጂዮን ዶኖር ደረጃውም ከፍ አለለት።

ድሬፉስ ያረፈው ሐምሌ 12 ቀን 1935 ነው፤ ፍርዱ ከተሻረበት ቀን ልክ 29 ዓመት። የፈረንሳይ ፓርላማም በ2025፥ ከሞተ ከ90 ዓመት በኋላ፥ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ እንዲሰጠው በሕግ ወሰነ።