የኮከብን ትኩሳት በብርሃኑ የለኩት ሰው

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ብዙ የሕንድ መምህራን ያስተማሩበት ዘመን ነበር። እኔም ከዚያው አገር ስለ ተነሡ አንድ ሊቅ ጥቂት ልጽፍላችሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሜግናድ ሳሃ በ1893 ዳካ ከተባለው ከተማ አጠገብ በአንዲት መንደር ተወለዱ። አባታቸው ትንሽ ሱቅ የነበራቸው ድኻ ሲሆኑ ከስምንት ልጆች ሜግናድ አምስተኛው ናቸው። አባትየው ልጁ ሱቅ ቢረዳኝ ይሻላል ባይ ነበሩ። የሚቀጥለው ትምህርት ቤትም 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ ያሉ አንድ ሐኪም ቤታቸው አስጠጓቸው፤ ውሉም የበላበትን ሳህን ራሱ እንዲያጥብ፣ ላሚቱንም እንዲጠብቅ ነበር። በኋላ ታላቅ ወንድማቸው በወር ከሚያገኙት 20 ሩፒ 5ቱን ይቆርጡላቸው ጀመር።

በ1905 ተማሪዎች የእንግሊዙን ገዥ ጉብኝት በመቃወማቸው ሳሃም ተባረሩ፣ የነፃ ትምህርቱ ገንዘብም ቀረ። ሌላ ትምህርት ቤት ተቀበላቸው። ካልካታ ኮሌጅ ሲገቡ ደግሞ ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ወገን ናቸው ተብሎ በማደሪያው ያሉ ተማሪዎች አብረን አንድ ማዕድ አንቆርስም አሏቸው። በኛም አገር ቀጥቃጩና ሸማኔው ሲደርስበት የኖረ ነገር ስለሆነ ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

ቀጥቃጭ ካነሣን ዘንድ፣ ብረቱ ሲቀላና ሲነጣ አይቶ ትኩሳቱን ያውቃል፣ በእጁ መንካት የለበትም። ፀሐይንም ማን ይነካታል? ብርሃኗ ግን በሦስት ማዕዘን መስተዋት ሲያልፍ በቀለማቱ መሐል ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመር አለው። ችግሩ አንዱ መስመር በአንዱ ኮከብ ጎልቶ በሌላው ለምን እንደሚጠፋ አለመታወቁ ነበር። ሳሃ በ1920 መልሱን በሒሳብ አወጡ። ጋዝ በጣም ሲግል አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ይጥላሉ፤ ስንቱ እንደሚጥል የሚወስነው ሙቀቱና ግፊቱ ነው፤ ኤሌክትሮን የጣለው አቶም ደግሞ የሚሰጠው መስመር ሌላ ነው። ስለዚህ የመስመሮቹን ጉልበት ያነበበ ሰው የኮከቡን ሙቀት ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ረጅም ጽሑፍ ወደ አሜሪካ ልከው የማሳተሚያ ክፈል ተብለው፣ ገንዘብ አጥተው ነበር። ይህን ሳነብ ተናደድኩ።

ዛሬ በኤሌክትሪክ ብየዳ ብልጭታ ውስጥ ያለውን ሙቀት የሚለኩት በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው፣ የሚችለው ቴርሞሜትር የለማ! የአንዱን አቶም ሁለት መስመሮች ያስተያያሉ፤ ብዙ ጉልበት የሚጠይቀው መስመር ከበረታ ኤሌክትሮኖቹ ግለዋል። ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል እንኳ በእጅ ሲነካ ለብ ያለ ነው እንጂ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከ10,000 ዲግሪ ያልፋሉ።

ሳሃ በ1927 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ፤ አላሃባድ አስተማሩ፤ ካልካታ የኑክሌር ምርምር ተቋም አቋቋሙ፤ በ1952 ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። በዚያው ዓመት የሕንድን የቀን አቆጣጠር የሚያስተካክል ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። በአገሪቱ ወደ 30 የሚሆን አቆጣጠር ነበር። በሁለት አቆጣጠር ደብዳቤ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ድካሙ ይገባኛል።

በየካቲት 1956 ደልሂ ውስጥ ወደ ፕላን ኮሚሽን ቢሮ ሲሄዱ ልባቸው ቆሞ በ62 ዓመታቸው አረፉ። የደከሙበት አቆጣጠር በዓመቱ፣ በመጋቢት 1957 በሥራ ላይ ዋለ።